ስትስቅ ዘግይታ የምትስቅ ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፤ ከሐዋሳ ነኝ። ከጀርባ የሚሰማችሁ ባጃጅ ነው። መስኮቱን ብዘጋው ደግሞ ሙቀቱ አይቻልም፣ እንግዲህ ታገሡኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ልጄ ነው። መስማት የተሳናት ናት፣ አራተኛ ክፍል ደርሳለች፣ የምትማረውም ከሚሰሙ ልጆች ጋር ነው። አካቶ ትምህርት የሚሉት ማለት ነው። ወረቀት ላይ ነገሩ ያማረ ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ሲናገር የምልክት ቋንቋን በስሙ ያነሳል። ክፍል ውስጥ ግን ምልክት የሚችል ሰው ከሌለ፣ ልጅቷ በዚያ ሁሉ ልጅ መሃል ብቻዋን ናት። ሁሉም ሲስቅ እሷም ዘግይታ ትስቃለች፤ በምን እንደተሳቀ አታውቅም።

ልጅ ደግሞ «ጨነቀኝ» አይልም። የእኔዋ ሆዷን ነበር የምታሳየኝ። ሰኞ ጠዋት ቁርጠት፣ ቅዳሜ ጠዋት ደህና። ሐኪም ቤት ስንሄድ ምንም የለም። እንዲህ ዓይነት ነገር ያያችሁ ወላጆች፣ ልጁ ሰነፈ ብላችሁ አትለፉት፤ እረፍት ሰዓት ላይ ከማን ጋር እንደሚውል ጠይቁ።

መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከምንሰማ ወላጆች ነው። ቋንቋውን ከልጃችን እኩል ነው የምንጀምረው። እኔና ባለቤቴን ያስተማረን መስማት የተሳነው አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ልጄ እሱን ከማየቷ በፊት «ሳድግ እሰማለሁ አይደል?» ትለኝ ነበር። ለካ መስማት የተሳነው ትልቅ ሰው አይታ አታውቅም! አሁን ሱቁ ሄዳ ክር ትመርጥለታለች፤ የሆድ ቁርጠቱም እየቀነሰ መጣ። ከምክር ሁሉ የጠቀማት ይሄ ይመስለኛል።

እኛንስ? ሰው ሲያገኘኝ «እግዜር ያበርታሽ» ይለኛል። አሜን። ግን እኔን ያበረታኝ እንቅልፍ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ካላት ጎረቤቴ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንለዋወጣለን፤ አንዳችን ልጆቹን ፍቅር ሐይቅ ዳር እናናፍሳለን፣ አንዳችን እንተኛለን። በቃ፣ መተኛት። እንቅልፍ ያጣች እናት ቤት ውስጥ ምን እንደምትመስል ልጆቼን ጠይቁ። አማቴ «ጠበል ውሰጃት» ይሉኝ ነበር፤ አልተከራከርኳቸውም። «ውሃ»፣ «እንጀራ»፣ «ነይ» የሚሉትን ምልክቶች አሳየኋቸው። እጃቸው እየተሳሳተም ቢሆን ሁለቱ ሲያወሩ ይውላሉ።

ከትምህርት ቤቱ የጠየቅነው ብዙ አይደለም። መምህሯ ወደ ሰሌዳ ዞረው እንዳያስረዱ፣ ልጄም የጓደኞቿን ፊት የምታይበት ቦታ እንድትቀመጥ። ሦስተኛው ለክፍሉ በሙሉ የጣት ፊደል ማስተማር ነበር። ልጆቹ ወደዱት። በእጅ ቅርፅ ፊደሉን ትለያለህ፣ ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ወደ ሣልስ የምትሄደው በእንቅስቃሴ ነው፤ ለእነሱ ጨዋታ ሆነላቸው።

ባለፈው መምህሯ አስጠሩኝ። «ልጅዎ ከጓደኛዋ ጋር እያወራች ክፍል ትረብሻለች» አሉኝ። በምልክት፣ ከዴስክ ስር። ይቅርታ ጠይቄ፣ «እቀጣታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

አልቀጣኋትም።