ይህ ስዕል የስንተኛው ዓመት ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ደብረ ብርሃን፣ እህቴ ቤት ሆኜ ነው። ውጪ ውርጭ ነው። ጋቢ ደርቤ ተቀምጫለሁ።

እንደምታውቁት ሁለተኛ ዲግሪዬን በላንድስኬፕ ዲዛይን እየተማርኩ ነው። ይኼ ሴሚስተር ደግሞ የስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮ ሲመጣ ሌላው ትምህርት ሁሉ ዳር ይይዛል። አንድ ቦታ ይሰጣችኋል። ትለካላችሁ፣ ትስላላችሁ፣ ሞዴል ትሠራላችሁ። ከዚያ ሥራችሁን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ መምህራን ፊት ትቆማላችሁ። ሞዴሉ ብቻውን ስንት ሌሊት ይበላል! ለእያንዳንዱ የከፍታ መስመር አንድ ካርቶን ቆርጦ መደራረብ ነው። ቢሆንም እወደዋለሁ። መሬቱን በእጄ የማውቀው ያኔ ነው።

የኔ ቦታ እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ በረሳ ወንዝ ዳር ያለ ተዳፋት ነው። መናፈሻ እንዲሆን ነው የተሰጠኝ። ያገኘነው ካርታ ላይ ቦታው ነጭ ነው፤ ምንም የለበትም። እኔም ባዶ ነው ብዬ ጀመርኩ። ጠመዝማዛ መንገድ አወጣሁለት። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ ደረደርኩበት። ሁሉም ያደጉ፣ ጥላቸው የሰፋ። ከሥራቸው አግዳሚ ወንበር። ከልቤ ወድጄው ነበር።

የግምገማው ቀን አንዲት መምህርት ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ «ይህ ስዕል የስንተኛው ዓመት ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጽድ እኮ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። እኔ የሳልኩት ጥላ እስኪመጣ አሥርት ዓመታት ያልፋሉ። እስከዚያ እዚያ ተዳፋት ላይ ምን አለ? ችግኙን ከበግ ማን ይጠብቀዋል? የክረምቱ ጎርፍ ሲወርድ ሥር ያልያዘውን አፈር ምን ያቆመዋል? ባሕር ዛፍ ብተክል ቶሎ ያድግልኝ ነበር። እዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ የሚተክለውም ለዚህ ነው። ግን እኔ የምፈልገው ከሥሩ ሣር የሚያበቅል ዛፍ ነው።

በሳምንቱ አያቴን ልጠይቅ ወደ መንዝ ወጣሁ፣ ወደ መሐል ሜዳ። ነገሩን ሁሉ አወራኋት። እማማ እየፈተለች ሰማችኝና፣ «ልጄ፣ ጓሳን ማን ተከለው? ዘግተውት ነው እንጂ» አለችኝ።

ጓሳን ያላያችሁ ካላችሁ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሰፊ የሣር ምድር ነው። ጅብራው፣ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው ያለበት። ስሙ የመጣው ከሣሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ሕዝቡ ከመቶዎች ዓመታት በፊት ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር፤ የመንዙን ነው የምላችሁ። አለቃው አባ ቄራ ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ቦታው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሦስትም አምስትም ዓመት ሊሆን ይችላል። ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ይታጨድ ነበር። ከብት የሚገባው ከአጨዳው በኋላ ነበር። ክረምት ሲመጣ ይዘጋ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈርሶ ነበር። ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ ጥበቃውን ይዞታል።

ይኼን ስሰማ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ዲዛይን ነው ብዬ ግን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። ምክንያቱም ስዕል የለውም። ያለው ጊዜ ነው፦ መቼ ይዘጋል፣ መቼ ይከፈታል፣ ማን ቀድሞ ይገባል። ያንን ሁሉ ሣር ያቆመው ይኼ ነው።

ስመለስ ወደ ተዳፋቱ ሄጄ ሙሉ ቀን ተቀመጥኩ። ባዶ አይደለም። ጠዋት ልጆች በግ ይዘው ይወርዳሉ፣ ሁልጊዜ በአንድ መስመር። ሴቶች ልብስ አጥበው ድንጋዩ ላይ ያሰጣሉ። ፀሐይ ቀድማ የምታገኘውን ድንጋይ ያውቁታል፤ እኔ ግን አግዳሚ ወንበሬን ብርዱ የሚቆይበት ጥግ ላይ ነበር ያደረግኩት። ኩበት የሚለቅሙ እናት መጥተው፣ «የጠፋሽ ነገር አለ እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ቁጭ ብለን አወራን። ጎርፉ በየት በኩል እንደሚገባ በእጃቸው እየጠቆሙ አሳዩኝ። ካርታዬ ላይ አልነበረም።

አሁን አንዱን ትልቅ ስዕል ትቼ አራት ወረቀት እየሠራሁ ነው። የመጀመሪያው ዓመት፣ አምስተኛው፣ አሥራ አምስተኛው፣ ሠላሳኛው። በመጀመሪያው ላይ ዛፍ የሚባል ነገር የለም። እርከን አለ፣ የእሾህ አጥር አለ፣ የበጎቹ መንገድ አለ። ላየው ሰው አያምርም፤ እኔ ግን ከበፊቱ የበለጠ አምነዋለሁ።

ያልፈታሁት አንድ ነገር አለ። ጓሳ አባ ቄራ ነበረው። የኔን ተዳፋት ማን ይዘጋዋል? ማንስ ይከፍተዋል? ዘበኛ መቅጠር አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮ አይታጨድም» ሲል ሰው የሚሰማው ሰው ማግኘት ደግሞ ሌላ ነው። ቅዳሜ እኚያን እናት ላገኛቸው ነው፤ በግ ጠባቂዎቹንም። መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይኼንኑ ነው። የመጨረሻው ግምገማ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።