አንድ ተቆጣጣሪ፣ ለመንግሥትም ለግልም

የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ኃላፊዎች፣ ሬጅስትራሮች፣ የጥራት ክፍል ባልደረቦች፣ መምህራን፣ እንግዶቻችን፤

በ2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት ዘርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው ያለፉት 61,054 ነበሩ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62.37 በመቶ፣ ከግል ተቋማት ተፈታኞች 17.2 በመቶ አለፉ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን ጣት ሁሉ ወደ ግሎቹ ተቀሰረ። ይገባቸዋል፤ አልከራከርም። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ሳይነሡ አለፉ። ለግሎቹ የዕውቅና ፈቃድ የሰጠው፣ ጊዜው ሲያልፍም ያደሰው ማን ነው? የመንግሥት ተቆጣጣሪ አካል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መጥተው የወደቁት ከ29 ሺህ በላይ ወጣቶች የተማሩባቸውን ትምህርት ክፍሎች፣ ሲከፈቱ ከውጭ መጥቶ የመረመረ ማን ነበር? የዩኒቨርሲቲው የራሱ ምክር ቤት፣ ሴኔቱ፣ ወሰነ፣ ክፍሉ ተከፈተ፣ ተማሪ ተመደበ፤ በቃ።

ነገሩ ከጥንስሱ ጀምሮ እንዲህ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 351 ሲቋቋም፣ በተግባር ለግሉ ፈቃድ ሰጪና ነሺ፣ ለመንግሥቱ ደግሞ ኦዲት አድርጎ ምክር የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ሆነ። አንዱ ሲያጠፋ በሩ ይታሸጋል፤ ሌላው ሲያጠፋ ሪፖርት ይደርሰዋል። በ2014 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 515 የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መቋቋሙ ትክክለኛ እርምጃ ነው እላለሁ። የተበታተነውን ቁጥጥር በአንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰብ ጀምሯል። የእኔ ጭንቀት ጣሪያው የማን ነው የሚለው ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድነቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በቅርብ እንየው። ከዕውቅና ግምገማ በፊት ባለው ሳምንት ኮሌጅ ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። መጻሕፍት ከሌላ ቅርንጫፍ በካርቶን ይመጣሉ፤ ማኅተም እንኳ ሳይመታባቸው መደርደሪያ ላይ ይሰለፋሉ። የቤተ ሙከራው ቁልፍ ተፈልጎ ይገኛል፤ ማይክሮስኮፖቹ ይወለወላሉ። የአንድ መምህር ሁለተኛ ዲግሪ ቅጂ በሦስት ኮሌጆች ፋይል ውስጥ የሙሉ ጊዜ ተቀጣሪ ሆኖ ይቀመጣል። ገምጋሚዎቹ ወንበር ቆጥረው፣ ኮምፒውተር ቆጥረው፣ የመምህራኑን ዝርዝር አይተው ይሄዳሉ። የአንድ ተማሪ የፈተና ወረቀት አንሥቶ የሚያነብ ብዙ ጊዜ አይገኝም። መንግሥትንም ግልንም የሚመለከት አንድ ተቆጣጣሪ አንድ አገር አቀፍ የመምህራን መዝገብ ቢይዝ፣ ያ መምህር በሦስት ቦታ መቀመጥ አይችልም። ይህ ብቻውን ብዙ የቁጥር ጨዋታ ያስቀራል።

ጎረቤታችን ኬንያ የተቆጣጣሪ መብዛት ምን እንደሚያመጣ አይታለች። ዩኒቨርሲቲው ያስመረቀውን፣ ባለሙያዎችን የሚመዘግበው የሙያ ቦርድ አልመዘግብም ይላል። ከመቶ በላይ የኤገርተን ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ምሩቃን በዚህ የተነሣ ቦርዱን ከሰው ጉዳያቸው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። አምስት ዓመት ተምሮ መሐንዲስ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ዳኛ ፊት መቆም! የሙያ ማኅበራት ሥርዓተ ትምህርቱ ሲቀረጽ ድምፃቸው ይሰማ፤ ክፍሉ ይከፈት ወይም ይዘጋ የሚለው ውሳኔ ግን ከአንድ ቦታ ይውጣ።

አሁን ወደ ጣሪያው ልመለስ። ባለሥልጣኑ ተጠሪነቱ ለትምህርት ሚኒስቴር ነው። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ የሚሰይመውም፣ ተማሪ የሚመድብላቸውም ይኸው ሚኒስቴር ነው። በአባቱ ማሳ ላይ ገመድ እንዲጥል የታዘዘ ልጅ ምን ያህል ቀጥ አድርጎ እንደሚለካ እናንተው ፍረዱ። ደግሞም ሚኒስቴሮች ይፈርሳሉ፣ ይዋሐዳሉ። በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ2014 ፈርሶ ከፍተኛ ትምህርቱ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመለሰ፣ ቴክኒክና ሙያው ወደ ሥራና ክህሎት ሄደ። የጥራት ቁጥጥር የአሥርና የሃያ ዓመት ሥራ ነው፤ ካቢኔ በተዋቀረ ቁጥር ቢሮ እየቀየረ አይሠራም።

ስለዚህ የምጠይቀው የፌዴራል ዋና ኦዲተር እንደሆነው ሁሉ፣ የከፍተኛ ትምህርት ተቆጣጣሪውም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሆን ነው። ራስ ገዝነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሯል፤ ሌሎቹም ይከተላሉ ተብሏል። ራሱን ለሚያስተዳድር ተቋም ከውጭ የሚመለከተው ገለልተኛ ዐይን ይበልጥ ያስፈልገዋል።

አንድ ጠንካራ ተቆጣጣሪ ሲሳሳት ስሕተቱም የዚያኑ ያህል ነው፤ ይህን የሚፈሩ የግል ኮሌጅ ባለቤቶች እውነት አላቸው። ከተቆጣጣሪው ውጭ የሆነ ይግባኝ ሰሚ ይኑር። ፈቃድ ሲሰጥም ሲሰረዝም የግምገማው ዘገባ ከነምክንያቱ ለሕዝብ ይውጣ። ወላጅ ልጁን ከማስመዝገቡ በፊት አንብቦ ይወስን።

በመጨረሻ፣ ሬጅስትራሮች ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ኮሌጅ ሲዘጋ የተማሪው ማኅደር የት ይገባል? ከዓመታት በኋላ ቀጣሪው ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ሲጠይቀው ምሩቁ ማንን ያንኳኳል? የሚዘጋ ተቋም ሁሉ ፈቃዱን ከመመለሱ በፊት የተማሪዎቹን የውጤት መዝገብ በወረቀትም በኮምፒውተርም ለተቆጣጣሪው እንዲያስረክብ፣ ተቆጣጣሪውም ማስረጃውን በራሱ ማኅተም እንዲሰጥ በሕግ ይደንገግ። የተዘጋ በር ላይ ቆመው የሚመለሱ ምሩቃን ዛሬም ስላሉ፣ ከዚህ ቢጀመር ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።