የሕንፃ ገጽታና የአላፊ አግዳሚው ፍርድ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለዚያ ሕንፃ አንድ ቃል ያልወጣው የአዲስ አበባ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ከ200 ሜትር በላይ ስለሚረዝም ከእንጦጦ ቁልቁል የሚመለከተውም፣ ለገሃር ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀውም ያየዋል፤ ሁለቱም ይፈርዱበታል። አንዱ የአገር ዕድገት ምልክት ነው ብሎ ይኮራበታል፤ ሌላው ዱባይን አምጥተው ተከሉብን ይላል፤ ሌላው ደግሞ ስለ ቁመቱ ምንም ሳይል ያ ሁሉ መስታወት እንዴት እንደሚጸዳና ውስጡ እንደማይሞቅ ማን እንዳረጋገጠ ይጠይቃል። እኔ ዛሬ ጥብቅና የቆምኩት በተለይ ለዚህኛው ጠያቂ ነው።

እኛ የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን አስተያየት ሁሉ «የጣዕም ጉዳይ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ከትተን ማለፍ ይቀናናል፤ ሕዝቡ ውሎ አድሮ ይለምደዋል እንላለን፤ ማስረጃ ስንጠየቅም የፓሪሱን የአይፍል ማማ እንጠራለን። ይህ ማስረጃ ግን ለእኛ አይመሰክርም። እ.ኤ.አ. በ1887 ማማውን በመቃወም ጽፈው በጋዜጣ ያሳተሙት ስመ ጥር የጥበብ ሰዎች ነበሩ፤ ከፈራሚዎቹም አንዱ የፓሪስን ኦፔራ ቤት የነደፈው አርክቴክት ሻርል ጋርኒዬ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ማማው ሲከፈት ለመውጣት የተሰለፈው ተራው ሕዝብ ነው። በዚያ ክርክር የተሳሳተው አላፊ አግዳሚው አልነበረም።

ወደ መስታወቱ ልመለስ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሯ ለሰው የሚስማማ በመሆኑ በአግባቡ የተነደፈ ቢሮ መስኮት በመክፈትና በመዝጋት ብቻ ያለ ማቀዝቀዣም ያለ ማሞቂያም ዓመቱን ሊዘልቅ ይችላል፤ ይህም ብዙ ከተሞች የሚመኙት ጸጋ ነው። ፀሐይዋ ግን በከፍታው ምክንያት ብርቱ ናት። እኩለ ቀን ላይ ከአናት በላይ ስለምትሆን በደቡብና በሰሜን በኩል ከመስኮቱ በላይ ትንሽ ጥላ ማውጣት ይበቃል፤ ጠዋት በምሥራቅ፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ዝቅ ብላ ስትገባ ግን ያ ጥላ አይመልሳትም። አራቱንም ጎኑን በአንድ ዓይነት መስታወት የሚያለብስ ነዳፊ ይህን ልዩነት ሰርዞታል ማለት ነው። በምዕራብ በኩል የተቀመጠው ሠራተኛ በበጋ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ በሩ ተዘግቶ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳለ ሰው ይሆናል፤ ከዚያ መጋረጃ ይወርዳል፣ መጋረጃው ብርሃኑን ስለሚከለክል መብራት ይበራል፣ በመጨረሻም ማቀዝቀዣ ይገዛል። በዶላር የመጣው መስታወት እይታ ሊሰጥ ቆሞ የሚታየው መጋረጃ ይሆናል።

መስታወት የውስጡን ሰው ብቻ አይደለም የሚነካው። እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደን ፌንቸርች ስትሪት 20 ቁጥር ላይ በመገንባት ላይ የነበረው ሕንፃ ወደ ውስጥ የጎበጠው ገጹ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ መንገድ ዳር የቆመ መኪና አካል አቅልጧል። በሚቀጥለው ዓመት የፀሐይ መከላከያ ተገጠመለት። ያን ጊዜ የተጎዳው የሕንፃው ባለቤት ወይም ተከራይ ሳይሆን በመንገዱ የሚጠቀም ሰው ነበር።

ለቅሬታው የምንሰጠው የተለመደ መልስ ደግሞ ከቅሬታው ይብሳል። «ኢትዮጵያዊ አይመስልም» ሲባል አሉኮቦንዱ (ሕንፃ የሚለበስበት የአሉሚኒየም ሰሌዳ) ላይ የጥለት ቅርጽ ወይም መስቀል አስቆርጠን እንለጥፋለን፤ ከጥለቱ ጀርባ ያው የሚሞቀው ክፍል አለ። በልደታ የተሠራው፣ ካታሎናዊው ዣቪየር ቪላልታ የነደፈው የገበያ ሕንፃ በሌላ መንገድ ሄዷል። ገጹ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ ስስ የኮንክሪት ግድግዳ ነው፤ ሥርዓቱ ከአገር ልብስ ጥለት ተወስዶ በዚያው ብርሃንና አየር ያስገባል። አያምርም የሚል ሰው ይኖራል፤ መብቱ ነው። ጥለቱ ግን ሥራ ይሠራል።

የውጭ እጅ ነካው ማለትም ፍርድ አይሆንም። ከአዲሱ ማማ ጎን ያለውን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ የተጠናቀቀውን የንግድ ባንክ ክብ ሕንፃ የነደፈው ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት ነው፤ ብሔራዊ ቴአትርንም እንዲሁ። ያም ሆኖ ክቡን ሕንፃ እንደ ባዕድ የሚያየው ጥቂት ይመስለኛል፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው አንገቱን ሳያንጋጥጥ ከእግር እስከ ጣሪያው ያየዋል፣ መግቢያው የት እንደሆነም ሳይጠይቅ ያውቃል። ለነዋሪው የሚቀርበው ሕንፃ ይህን ሲያሟላ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ነዋሪው የሚሰማው መቼ ነው? እንደማየው ቆርቆሮ አጥሩ ከታጠረና ሥዕሉ ከተሰቀለ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ፈቃዱ ወጥቷል፣ መሠረቱም ተቆፍሯል። ሥዕሉም ብዙ ጊዜ ከሰማይ የተሣለ ነው። ማንም ቆሞ በማያይበት ቦታ፣ ጎረቤት ሕንፃዎቹ ተሰርዘው፣ በማይኖር አረንጓዴ መስክ መካከል ይቀመጣል። ከፍ ያሉ ሕንፃዎች የግንባታ ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት ሥዕላቸው ከእግረኛ ዓይን ከፍታ፣ ከነጎረቤቶቻቸው፣ በጥር ወር ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ካለው ጥላና ነጸብራቅ ጋር ተሠርቶ በቦታውና በወረዳው ጽሕፈት ቤት ለአንድ ወር እንዲለጠፍ፣ ነዳፊውም ለተነሡት ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ድምፅ ይሰጥበት አላልኩም፤ መልስ ይሰጥበት ነው ያልኩት። ጉባኤው ሐሳቡን ከተቀበለው የመመሪያውን ረቂቅ ጽፌ ለሚቀጥለው ስብሰባችን ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።