ፊሽካ የሌለው አሰልጣኝ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደኔ ቅዳሜያችሁን ለልጆች ኳስ የሰጣችሁ አሰልጣኞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ሚኒሶታ ለምንኖር ሐበሾች ኮሌጅቪል ሲባል ትዝ የሚለን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። ዕድሜውን የብራና መጻሕፍቶቻችንን ቅጂ ሲያገላብጥ የኖረው እዚያው ኮሌጅቪል ባለው በሴንት ጆንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን በዚያው ግቢ ሜዳው ላይ ስለኖረ ሰው ነው፤ ስለ አሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኙ ጆን ጋሊያርዲ።

በ2018 ሲሞት 91 ዓመቱ ነበር። "አንቱ" ማለት ይገባኝ ነበር። ግን ተጫዋቾቹን እንኳ "ኮች" እንዳትሉኝ፣ ጆን በሉኝ ይል ነበርና ፈቃዱን ልጠቀምበት።

ሥራውን የጀመረው በ16 ዓመቱ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1943፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ለጦርነት ተጠራ። ቡድኑ ሊበተን ሲል ልጁ ራሱ ያዘው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ እንደ ተጫዋች ያማረሩትን ልምምዶች ማስቀረት ነበር።

ከዚያ በኋላም ሲያስቀር ኖረ። በእሱ ዘመን በሴንት ጆንስ ልምምድ ላይ ፊሽካ የለም። ጓደኛን ተጠምጥሞ መሬት ላይ መጣል የለም። ከ90 ደቂቃ በላይ መቆየት የለም። መጫወት የፈለገን ልጅ ከቡድኑ መቀነስ የለም። ትንኝ ከበዛ ደግሞ ሜዳውን ትቶ መግባት ነው! የሚኒሶታን ትንኝ የሚያውቅ ይፈርድለታል።

ቀልድ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ቀልድ አይደለም። ሞንታና ውስጥ በካሮል ኮሌጅ 4 ዓመት፣ ከ1953 እስከ 2012 ደግሞ በሴንት ጆንስ 60 ዓመት አሰለጠነ። 489 ጊዜ አሸነፈ። በኮሌጅ ፉትቦል ይህን ያህል ያሸነፈ የለም። 4 ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆነ። በ2003፣ በ77 ዓመቱ፣ 55 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውን ማውንት ዩኒየንን በፍጻሜው 24 ለ 6 ረታ። ሴንት ጆንስ በኳስ ችሎታ ስኮላርሺፕ የማይሰጥ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ልጆቹ የሚመጡት ወደው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ባለፈው ወር አንድ ልጅ አርፍዶ መጣ። አምስት ዙር አስሮጥኩት። ለካ እናቱ የሌሊት ፈረቃ አድራ፣ ቀጥታ ከሥራ ነበር ያመጣችው። እዚህ ተቀምጣለች፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ ልምምዳችን 90 ደቂቃ ነው። የቅጣት ሩጫ ቀርቷል። ፊሽካዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ፤ የሚፈልግ ይውሰደው።

አመሰግናለሁ።