በሰው ፍርሃት አንጫወት

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

የሠራተኞች ደኅንነት ኮሚቴ «ሥነ ልቦና ተምረሻል፣ በዓመታዊ ስብሰባችን ላይ ስለ ፍርሃት ትንሽ ነገር በይን» ሲለኝ አላንገራገርኩም። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ የማውቀውን ሁሉ አልዘረግፍባችሁም። ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር ግን አለ። እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ሁላችንም እንፈራለን። ፍርሃት ባይኖር ሰው መንገድ ሲሻገር ግራ ቀኙን አያይም ነበር። እኔ የማወራው ከዚያ ስላለፈው ነው። ነገሩ እንደማይጎዳ እየታወቀ ልብ ድው ድው ይላል፤ እጅ ያልበዋል፤ ጉልበት ይከዳል። ይህ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ኑሮንም ሲያዛባ፣ ባለሙያዎች ፎቢያ ይሉታል። አንዱ እንስሳ ይፈራል። አንዱ ከፍታ ወይም ነጎድጓድ። ሌላው ሊፍትና አውሮፕላን። ሌላው ደምና መርፌ። የዓለም ጤና ድርጅት በ22 አገሮች ባስተባበረው ጥናት ከ100 ሰው 7 ያህሉ በሕይወት ዘመኑ እንዲህ ያለ ፍርሃት ይዞት ያውቃል። የሚጀምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ በልጅነት ነው። ግማሽ ያህሉን የጀመራቸው 8 ዓመት ገደማ ሳሉ ወይም ከዚያ በፊት ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

«ታዲያ የት አሉ? እኛ አናያቸውም» የሚለኝ ይኖራል። አታዩአቸውም። ሲደብቁ ነው የኖሩት።

ስብሰባ ሲጠራ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ በሩ ሥር የሚቀመጠውን ሰው «ትጉህ ነው» እንላለን። እሱ የሚቀድመው መውጫው አጠገብ ያለችው ወንበር እንዳትያዝበት ነው። «ስፖርት ነው» እያለች ስምንተኛ ፎቅ ድረስ በእግሯ የምትወጣ ሴት አለች። ስፖርት አይደለም። ሊፍቱ ሲዘጋ አየር የሚያልቅ ይመስላታል። ሊፍት ታሽጎ የማይዘጋ ነገር መሆኑን፣ አየር እንደሚገባው ነግሬያታለሁ። «አውቃለሁ» አለችኝ። በደንብ ታውቃለች። ድልድይ ላለማለፍ ረጅሙን መንገድ የሚዞር ሹፌር አለ፤ ለቤተሰቡ «ያኛው ይጨናነቃል» ነው የሚለው። የደም ምርመራ ሲታዘዝለት ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ቤቱ የሚገባ አለ፤ ሐኪሙ ሲጠይቀው «ረሳሁት» ይላል። የሥራ ዕድገት መጥቶለት «ቤተሰቤን ጥዬ አልርቅም» ብሎ የተወ አለ። የፈራው አውሮፕላኑን ነው። ይህን ለሚስቱ እንኳ አልነገረም።

አስቡት፣ ይህ ሁሉ ሥራ ነው። እኛ አንድ ቀን ስንውል እነሱ አንድ ቀን ውለው በላዩ ላይ ይህን ሁሉ ያቅዳሉ። አለቃ አይቆጥርላቸውም። ማንም አያመሰግናቸውም።

ኳስ የምትወዱ ዴኒስ ቤርካምፕን ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የዓለም ዋንጫ በኋላ አውሮፕላን መሳፈር ተወ። አርሰናል ለአውሮፓ ጨዋታ ሲበር እሱ በምድር የሚደረስበት ከሆነ ይሄዳል፤ ካልሆነ ይቀራል። ያ ሰው ሜዳ ላይ ማንን ፈራ? ማንንም! አንድ ነገር የሚፈራን ሰው በጅምላ «ፈሪ» ብለን ስም የምናወጣለት እኛ ነን።

«ቆርጦ ቢነሣ እኮ ይለቀዋል» የሚል ምክርም አለ። በጣም የሰለቸኝ ምክር ነው። ቻርልስ ዳርዊን በለንደን የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንድ መርዛማ እባብ ካለበት ወፍራም መስታወት ላይ ፊቱን አስጠግቶ ቆመ። እባቡ ቢወረወርም ላልንቀሳቀስ ብሎ ቆርጧል። እባቡ ተወረወረ። ዳርዊን ምን ያህል ርቆ ወደኋላ እንደዘለለ እ.ኤ.አ. በ1872 ራሱ ጽፎታል። መስታወቱ እዚያው ነበር። እባብ ነክሶት አያውቅም። ቆራጥነቱም አልጠቀመውም። የሰውነት ማስጠንቀቂያ ከሐሳብ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ዳርዊን ያልቻለውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ለምን አልቻለችም እንላለን?

አዎ፣ አሁን እዚያ ደረስኩ።

ስለ መዝገብ ቤቷ እህታችን ነው። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። ድመት ትፈራለች። ይህንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከቪዲዮው በፊትም ታውቁ ነበር። የማታውቁት ጠዋት ጠዋት የምታደርገውን ነው። በሩን በቁልፍ ከከፈተች በኋላ ወዲያው አትገባም። በጃንጥላዋ ጫፍ የብረት መደርደሪያውን ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ታደርጋለች። ትንሽ ትጠብቃለች። መብራት ታበራለች፤ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ታያለች፤ መስኮቱ መዘጋቱን በእጇ ገፋ አድርጋ ታረጋግጣለች። ከዚያ ቦርሳዋን ታስቀምጥና ሥራዋን ትጀምራለች። ሁሉም ተደማምሮ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ማንንም አያስቸግርም። በዚህ ዘዴ ስንት ዓመት ሠርታለች! ፋይል ጠፋባት ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ያን ቀንም እንደ ሁልጊዜው አንኳኳች፤ ከጠረጴዛው ሥር አየች፤ መስኮቱን ገፋች። መሳቢያውን አላየችም። መሳቢያ ተቆልፎ ነው የሚያድረው። እዚያ ውስጥ ድመት ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ትርፍ ቁልፉን የሚያውቁ ሰዎች ግን አስበውት ነበር። ማታውኑ ተማክረዋል። ትንሽዬ ድመት ፈልገው አምጥተዋል። ያቺ ምስኪን ፍጥረትም ጨለማ ውስጥ ታፍና ጠብቃለች። አንዱ ከመደርደሪያው ኋላ ስልክ ደግኗል።

መሳቢያውን ስትከፍት የሆነውን በቪዲዮው አይታችኋል። ወንበሩ ተገልብጦ ጉልበቷን መታት። አንድ እግር ጫማዋ እዚያው ቀረ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ትንፋሽ አጠራት። ቪዲዮው አሁንም ይቀጥላል! ስልኩን ወርውሮ «አይዞሽ እህቴ» ያለ አንድ ሰው የለም። ከዚያ ሠራተኞች ግሩፕ ላይ ተለቀቀ። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። የሳቅ ምልክት ያደረጋችሁ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል። ስማችሁን አልጠራም። እናንተ ታውቁታላችሁ።

ተጠይቀው ምን አሉ? «ፕራንክ ነው።» ሁለተኛው ደግሞ «እንድትለምድ ብለን ነው» አለ። የመጀመሪያውን መልስ እንኳ እችለዋለሁ። ሁለተኛው ነው ያናደደኝ። ጭካኔን ሕክምና ብሎ መጥራት!

እሺ፣ ስለ ሕክምና እናውራ። እ.ኤ.አ. በ1920 ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአንድ ሕፃን ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ሕፃኑ ነጭ አይጥ አይፈራም ነበር። አይጧን በነካ ቁጥር ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ አስደነገጡት። ጥቂት ጊዜ ነው የፈጀው። ከዚያ አይጧን ብቻ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። ጥንቸልም፣ ጸጉራም ነገርም ፈራ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ልጁ ፍርሃቱን ሳያስለቅቁት ከሆስፒታሉ ወጣ። መሳቢያ ውስጥ የተደበቀች ድመት ማለት ይህ ነው። ከኋላ የሚመታ ብረት ነው። ማንንም አያለምድም።

አራት ዓመት ቆይቶ ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል ሴት ተቃራኒውን ሠራች። ፒተር የሚባል ጥንቸል የሚፈራ ትንሽ ልጅ ነበር። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን በሽቦ ቤት ውስጥ አድርጋ ከሩቅ አሳየችው። ልጁ ሲረጋጋ ትንሽ ታስጠጋለች። ሲጨነቅ ታቆማለች። እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉን በእጁ ዳሰሰ። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ በ1950ዎቹ ይህንን መንገድ ሥርዓት አስያዘው። ዛሬም ለፎቢያ በጣም የሚሠራው ሕክምና የዚሁ ዘር ነው። የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ መቅረብ። ፎቶ ማየት። ከዚያ በመስኮት ማየት። ከዚያ በር ላይ መቆም።

ለምን ይሠራል ብትሉ፣ ሰው ከሚፈራው ሲሸሽ እፎይ ይላል። ያ እፎይታ ራሱ ፍርሃቱን ያቆየዋል። አእምሮ «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዛል። እዚያው ቆይቶ ምንም ሳይሆን ሲቀር ግን ሌላ ነገር ይማራል። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ደረጃውን የሚወጣው ሰውዬው ነው። «በቃኝ» ሲል ይቆማል። ገጣሚው ጎተ ስትራስቡርግ ተማሪ ሳለ ከፍታ ያዞረው ነበር። ካቴድራሉ ማማ ላይ ብቻውን ይወጣል። ከጫፉ በታች ሩብ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይቆያል። ከዚያ ክንድ በማትሞላ መቆሚያ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ደጋግሞ አደረገው፤ ለቀቀው። ሰው ገፍቶት ቢሆን ኖሮስ?

እህታችንን እንመልከት። አሁን ጃንጥላዋ አይበቃትም። እያንዳንዱን መሳቢያ ቆማ፣ በማስመሪያ ጎትታ ነው የምትከፍተው። መዝገብ ቤት ብቻዋን አትቀመጥም። ዝውውር ጠይቃለች። «እንድትለምድ» የተባለው ውጤቱ ይኸው ነው።

የሰው ፍርሃት በትልልቆቹም ዘንድ መጫወቻ ሲሆን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀርመኗ መራሂተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ሶቺ ላይ ከፕሬዚዳንት ፑቲን ጋር ሲነጋገሩ የፑቲን ትልቅ ጥቁር ውሻ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ሜርክል ከዚያ በፊት ውሻ ነክሷቸው ነበር፤ ውሻ እንደሚፈሩም ይነገር ነበር። ፑቲን በኋላ «አላወቅኩም ነበር» ብለዋል። ፎቶው ግን አለ። ሜርክል ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ውሻዋ አጠገባቸው ናት። ያንን ፎቶ አይቶ ሜርክልን ፈሪ የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ስብሰባውን አቋርጠው አልወጡም። ውሻዋ እያለች ሥራቸውን ሠሩ።

ድፍረት ማለት ያ ነው እንጂ መደርደሪያ ኋላ ተደብቆ ስልክ መደገን አይደለም!

ሌሎች ነጥቦችም ነበሩኝ፤ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ወላጆች፣ ልጅ ፍርሃትን ከእናንተ ፊት ያነብባል። ጦጣዎች እንኳ ሌላ ጦጣ እባብ ሲፈራ በማየት ብቻ እባብ መፍራት እንደሚማሩ በጥናት ታይቷል። እናንተ ስትረጋጉ ልጁም ይማራል። ውኃ የሚፈራ ልጅ ገንዳ ውስጥ አይወረወርም። ወንዶች፣ «ወንድ ልጅ አይፈራም» እያልን ያሳደግናቸው ሰዎች ናቸው ሕክምና ሳይጠይቁ የሚቀሩት። አለቆች፣ በሩ አጠገብ መቀመጥ የሚፈልግን ሠራተኛ እዚያ አስቀምጡት። ምንም አያስወጣችሁም።

ኮሚቴውን ደግሞ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ቪዲዮው ዛሬ ከግሩፑ ይጥፋ፤ ስልካችሁ ላይ ያለውንም አጥፉት። የሥራ ቦታ መመሪያችን ውስጥም በሰው ፍርሃት ላይ ፕራንክ መሥራት እንደ ሌላው ጥፋት ይቆጠር። ይህን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። መልስ እጠብቃለሁ።

በመጨረሻም በሚቀጥለው ሳምንት ደም ልገሳ አለን። ደም ሲያዩ የሚወድቁ ባልደረቦች አሉን። ይህ ፍርሃት ከሌሎቹ ይለያል። የልብ ምትና የደም ግፊት መጀመሪያ ከፍ ይልና ድንገት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሰው ራሱን ይስታል። ለዚህ ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኧስት ያስፋፋው ዘዴ አለ። የክንድ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን 10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቆ ማኮማተር፤ ፊት ሞቅ ሲል መልቀቅ፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መድገም። ግፊቱ እንዳይወርድ ያግዛል። ለመለገስ የምትፈልጉ ይህን ቤታችሁ ተለማመዱት። ስትመጡም ከዚህ በፊት ወድቃችሁ እንደምታውቁ ለነርሷ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ታስተኛችኋለች።

መለገስ የማይፈልግ አይመዝገብ። መዝገቡን ይዛችሁ በየቢሮው የምትዞሩ ልጆች፣ «ለምን?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። አደራ!

አመሰግናለሁ።