መስታወቱ ከተሰበረ በኋላ ማን ይይዘዋል?

የተከበራችሁ መሐንዲሶች፣ አርክቴክቶች፣ መስታወት ቆራጮችና ገጣሚዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

መስታወት ይሰበራል። ወፍራምም ይሁን ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ)፣ አንድ ቀን ድንጋይ ያገኘዋል፣ ወይ ሙቀት ያስጨንቀዋል፣ ወይ ሲገጠም ጠርዙ ይነካል። ስለዚህ ሰው የሚደገፍበት ወይም ከሥሩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ መስታወት ስናስገባ፣ ከተሰበረ በኋላ ምን ይሆናል ብለን መጠየቅ አለብን። በላሚኔትድ፣ ማለትም ሁለት መስታወት ተጣብቆ በሚሠራ መስታወት፣ ይህን የሚወስነው በሁለቱ መስታወቶች መሃል ያለው የፕላስቲክ ንጣፍ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ እሱ ነው።

ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1903 ፈረንሳዊው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ ጋ አንድ የመስታወት ብልቃጥ ወደቀ ይባላል። ብልቃጡ ተሰነጣጠቀ እንጂ አልተበታተነም። ውስጡ የነበረው የሴሉሎስ ናይትሬት ፈሳሽ ደርቆ ስስ ሽፋን ሆኖ ይዞታል። በ1909 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መስታወቱ ለጋዝ ጭምብል መነጽር ዋለ። ችግሩ ፀሐይ ነበረች፤ ንጣፉ እየቆየ ቢጫ ይሆን ነበር። በ1930ዎቹ ፖሊቪኒል ቡቲራል፣ በአጭሩ ፒቪቢ፣ መጣ። እስከ ዛሬም በብዛት የምንጠቀመው እሱን ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነጥብ ልግባ። ንጣፉ ከመስታወቱ ጋር አጥብቆ በተያያዘ ቁጥር ይሻላል የሚል እምነት አለ። እውነት አይደለም።

የሰው ጭንቅላት መስታወቱን ሲመታ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ምቱን የሚያበርደው ንጣፉ ነው፤ የሚያበርደውም በመለጠጥ ነው። ለመለጠጥ ግን ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ትንሽ ከመስታወቱ መላቀቅ አለበት። ጨርሶ የማይላቀቅ ከሆነ የሚለጠጠው በስንጥቁ ስፋት ብቻ ነው። ያ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። ወዲያው ይቀደዳል፣ የመታውም ነገር አልፎ ይገባል። ከመጠን በላይ ከላላ ደግሞ ስብርባሪው እየተላቀቀ ሰው ላይ ይወርዳል።

ስለዚህ አምራቾች የመጣበቅ ኃይሉን ሆን ብለው ይመጥናሉ። ፒቪቢው ውስጥ በጣም ጥቂት የፖታሲየም ወይም የማግኒዥየም ጨው ይጨምራሉ፤ ጨው ሲበዛ መጣበቁ ይቀንሳል። እርጥበትም እንዲሁ ያላላዋል። ፒቪቢ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ከክብደቱ ግማሽ በመቶ አካባቢ ላይ እንዲቆይ የሚደረገው ለዚህ ነው። ጥቅሉ ተከፍቶ እርጥብ ክፍል ውስጥ ከዋለ፣ አውቶክሌቩ (በሙቀትና በግፊት የሚያጣብቀው ምድጃ) በ140 ዲግሪና በ12 ባር አካባቢ ቢጨምቀውም የተበላሸውን አያስተካክልም። እንዲህ ያለው መስታወት ለዓይን ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። እውነቱን የሚያወጣው መዶሻ ነው። ናሙናው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዝና ይቀጠቀጣል። ከዚያ ንጣፉ ላይ ተጣብቆ የቀረው ስብርባሪ ታይቶ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል። እኔ ከሚያብረቀርቅ ካታሎግ ይልቅ የእነዚህን ናሙናዎች መዝገብ የሚያሳየኝን ፋብሪካ አምናለሁ።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ሙቀትና ጊዜ ነው። ፒቪቢ ለቅጽበታዊ ኃይል ጠንካራ ነው፤ ለቆየ ጭነት ግን ይለሰልሳል። የ3 ሰከንድ የነፋስ ግፊት ሲመጣ ሁለቱን መስታወቶች አስተባብሮ ያሠራቸዋል። ጭነቱ ሳምንታት ከቆየ፣ በዚያ ላይ ሙቀት ከበረታ፣ ይንሸራተታል፤ እያንዳንዱ መስታወት ለብቻው ይሸከማል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሁለት ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወቶች ፍጹም ተያይዘው ቢሠሩ እንደ አንድ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ናቸው። ተለያይተው ቢሠሩ ግን አለመጉበጣቸው ወደ ሩብ ይወርዳል። እውነተኛው መስታወት በእነዚህ ሁለቱ መሃል ይገኛል። የመስታወት ጣሪያ ወይም ወለል የምታሰሉ ሁሉ፣ ጭነቱ ስንት ነው ከማለት አልፋችሁ፣ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል፣ በስንት ዲግሪ በሉ።

አዮኖመር የሚባለው ንጣፍ እዚህ ጋ ይገባል። አምራቾቹ ከተለመደው ፒቪቢ እስከ 100 እጥፍ ግትር ነው ይላሉ። ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው ሁለቱም መስታወቶች ሲሰበሩ ነው። ሁለት ቴምፐርድ መስታወት በፒቪቢ ተያይዞ ሁለቱም ቢደቅ፣ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይታጠፋል። አራት ጎኑ ፍሬም ውስጥ ካልተያዘ ካለበት ተንሸራትቶ ሊወድቅ ይችላል። በአዮኖመር የተሠራው ግን ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ከታች ብቻ የተያዘ፣ ከላይ የእጅ መደገፊያ የሌለው የበረንዳ መከለያ ላይ ሁለት ቴምፐርድ በፒቪቢ ማድረግ ለእኔ ተቀባይነት የለውም። ሰው የሚደገፍበት ነው እኮ! ስለዚህ ትዕዛዝ ስትጽፉ «6 ሲደመር 6» ብላችሁ አትተዉት። የንጣፉን ዓይነትና ውፍረት ጻፉ፤ «1.52 ሚሊ ሜትር አዮኖመር» በሉ። ካልጻፋችሁት የሚመጣው ርካሹ ነው።

ይህን ስል ግትሩ ሁሌም ይሻላል ማለቴ አይደለም። የመኪና የፊት መስታወት ላይ ጭንቅላትን የሚቀበል የሚለጠጥ ንጣፍ ያስፈልጋል፤ እዚያ የተለመደው 0.76 ሚሊ ሜትር ፒቪቢ ትክክለኛ ነው። ለድምፅ ደግሞ መሃሉ ይበልጥ የለሰለሰ ባለ ሦስት ድርብ ፒቪቢ አለ፤ የመስታወቱን ንዝረት ያፍነዋል። ፖሊካርቦኔት ከመስታወት ጋር ሲያያዝ ቲፒዩ የሚባለውን ንጣፍ እንጠቀማለን፤ በፒቪቢ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ፖሊካርቦኔቱን ይጎዳዋልና። ኢቪኤ የሚባለው ንጣፍ ያለ አውቶክሌቭ፣ በቫኪዩም ምድጃ ይሠራል፤ ጨርቅና ሽቦ ለማስገባትም ይመቻል። ጥራቱ ግን በትክክል መብሰሉ ላይ ነው።

በመጨረሻ ገጣሚዎችን አንድ ነገር ልለምን። ፒቪቢ አብዛኛውን ጊዜ መበላሸት የሚጀምረው ከጠርዙ ነው። ፍሬሙ ውስጥ ውሃ ከተኛ ጠርዙ ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ አረፋ ያወጣል፣ ቀስ በቀስም ከመስታወቱ ይለያል። የፍሬሙን የውሃ መውጫ ቀዳዳ በማጣበቂያ አትድፈኑ። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ንጣፉን እንዲነካ አታድርጉ፤ ከፒቪቢ ጋር ይስማማል ተብሎ በአምራቹ የተረጋገጠ ገለልተኛ ሲሊኮን ተጠቀሙ።

በፒቪቢና በአዮኖመር የተሠሩ የተሰበሩ ናሙናዎች ጎን ባለው ጠረጴዛ ላይ አሉ። ጓንት አድርጋችሁ ለማጠፍ ሞክሩ። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው አገኛችኋለሁ። አመሰግናለሁ።