ማሲንቆው ጫጫታ አይደለም

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ባለሙያዎች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አደራችሁ?

ከፊት ለፊቴ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብሩ አላችሁ። መንዙማ የምትቀርፁ፣ የጥሪ ካርድ የምታትሙ፣ ልብስ የምትሰፉ አላችሁ። ከኮምቦልቻ በጠዋት ተነስታችሁ የዶሮ መዝለያን ዳገት የወጣችሁም አላችሁ። ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቅድም ሻይ ላይ ሳለን ሦስት ሰው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ከእነዚህ ኤአይ ከሚባሉት የቱ ይሻላል?» የእኔም መልስ ጥያቄ ነው፦ ለምን ሥራ? ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው።

ሥራዬ ድምፅ ነው። የድሮ ካሴት አጽድቼ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት አንድ ካሴት በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «የእሱ» ተብሎ ተጽፏል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ቤት ውስጥ አምባሰል ሲጫወቱ የተቀዳ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። ቴፑ አርጅቶ ሽሽሽ ይላል።

እኔም ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ በኤአይ የሚሠራ የድምፅ ማጽጃ ከፈትኩ። በሁለት ደቂቃ ሽሽታው ጠፋ። የሰውየው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ፤ ለእናትም ጠርቼ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ድምፁስ እሱ ነው፤ እጁ የታለ?» አሉኝ።

ማሲንቆው የለም። ከሽሽታው ጋር ተጠርጎ ወጥቷል።

መሣሪያው ሥራውን በደንብ ነው የሠራው። የተሠራው ለስብሰባና ለቃለ መጠይቅ ድምፅ ነው። ከሰው ንግግር ውጭ ያለው ሁሉ ለእሱ ጫጫታ ነው። ጥፋቱ ለማሲንቆ የንግግር ማጽጃ የመረጥኩት የእኔ ነው። ለምን እንደተሠራ ቀድሜ ባነብ ኖሮ እኒያን እናት ባላስደነገጥኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለዩ መሣሪያዎችን ማጥናት ጀመርኩ። ለምሳሌ ስፕሊተር የሚባለው አለ፤ ዲዘር የተባለው የሙዚቃ ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነፃ የለቀቀው ነው። አንድን ዘፈን እስከ 5 ክፍል ይለያል፦ ድምፅ፣ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ፒያኖ እና «ሌላ»። ልብ በሉ፤ ማሲንቆ የሚባል ክፍል የለም። ክራርም ዋሽንትም የለም። የእኛ ነገር በሙሉ «ሌላ» ውስጥ ነው። በኪቦርድ ለተሠራ የሠርግ ዘፈን ግን እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ጥሩ ነው፤ ድምፁን ከሙዚቃው ለይታችሁ ለቪዲዮ ትጠቀሙበታላችሁ። ማሲንቆ ግን በደጋን የሚመታ፣ ከዘፋኙ ጉሮሮ ጋር አብሮ የሚሄድ መሣሪያ ነው። ሁለቱን ለመለየት የሰውም ጆሮ ይቸገራል።

ታዲያ ካሴቱን በምን አዳንኩት? በኤአይ አይደለም። ኦዳሲቲ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የካሴቱ መጀመሪያ ላይ ሰውየው ከመጀመራቸው በፊት ሽሽታው ብቻ የሚሰማበት ትንሽ ቦታ ነበር። ያንን መርጬ «ይህንን ቀንስ» አልኩት። ሙሉ በሙሉ አላጠፋሁትም፤ ጥቂት ተውኩ። እጃቸው ተመለሰ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መልሱን በምታውቁት በራሳችሁ ሥራ ፈትኑት። ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ ለማስታወቂያ የምትፈልጉ፣ «ልብሱ ለገና ገና አልደረሰም» ብላችሁ ስጡት። ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ አያሳይም። እኛ በልምድ ሁለቱን «ገና» እንለያቸዋለን። መሣሪያው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ካነበበ፣ ማስታወቂያችሁን አትስጡት። ሙዚቃ የሚያቀናብር ከሆነ አምባሰል ጠይቁት፣ ቀጥሎ ባቲ። የወሎ ጆሮ ስላላችሁ ፈራጆቹ እናንተ ናችሁ። ጥልፍና ጥለት የሚነድፍ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ ማማሩን ሳይሆን ሸማኔው ሊሠራው መቻሉን ጠይቁ።

ማተሚያ ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የታተመ የአማርኛ ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ወደሚታረም ጽሑፍ ለመቀየር ቴሰራክት አለ፤ ነፃ ነው፣ አማርኛም ትግርኛም ያውቃል። የእጅ ጽሑፍ ግን ሌላ ሥራ ነው። ለእሱ ትራንስክሪበስ የሚባል አለ። እናንተ ራሳችሁ የገለበጣችኋቸውን ገጾች እየሰጣችሁ የዚያን ሰው እጅ ጽሑፍ ታስተምሩታላችሁ። ለማስተማር ከ5,000 እስከ 15,000 ቃል ያስፈልገዋል። ድካም አለው። በዓረብ ፊደል የተጻፈውን የአያቶቻችንን የዓጀሚ መንዙማ ደብተር ሳስብ ግን፣ ድካሙ አይቆጨኝም ብዬ አምናለሁ።

ሌላው፣ ሥራው የት እንደሚሠራ እዩ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደንበኛ ፊት መቆም ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ስፕሊተርም ሆነ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር፣ አንዴ ከተጫኑ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ። በዚያ ላይ የሰው ሠርግ፣ የሰው ዱዓና ለቅሶ ከቤታችሁ አይወጣም። በኢንተርኔት ወደሚሠራ መሣሪያ ከመላካችሁ በፊት ግን ባለቤቱን ጠይቁ። «ይህ ወደ ሌላ አገር ኮምፒውተር ሊሄድ ነው፤ ይፈቅዳሉ?» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሞተን ሰው ድምፅ አስመስሎ ማናገርማ፣ ቤተሰቡ ካልፈቀደ፣ በበኩሌ አልነካውም።

ዋጋውንም በአማርኛ አስሉ። በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ሲወስድ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ጽሑፉን ቆራርጠው በቁራጩ ብዛት የሚያስከፍሉት መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ ይበልጥ ይቆራርጡታል፤ ሒሳቡም ከፍ ይላል። መጀመሪያ በትንሽ ብር ሞክሩ።

አብሽሩ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይለመድም። እኔም ገና እየተማርኩ ነው።

እናት ካሴቱን ላሰማችሁ ፈቅደውልኛል። ሦስት ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ፦ እንደመጣ፣ ማሲንቆው የጠፋበት፣ እና አሁን ቤታቸው የሚያዳምጡት። እባካችሁ በሩን ዝጉልኝ። የመጀመሪያው ይኸው።